ወባ በሌለበት ተራራ ላይ

ጋምቤላ ከተማ ገብታችሁ «ጋሽ ይመር የት ነው?» ብትሉ ቤቴን የሚያሳያችሁ ሰው አታጡም። የባጃጅ ሹፌሮች ያውቁኛል፤ የገበያ ሴቶች ያውቁኛል፤ ከኢታንግ እስከ ማታር በወንዙ ዳርቻ የውሃ ፓምፕ የተከለ ሁሉ ያውቀኛል። ባያውቀኝ ፓምፑ አይሠራም ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ ማለት ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው፤ እኔ የምናገረው የሠራሁትን ነው።

ከወሎ በሰፈራ ስመጣ ጺሜ በቅጡ አልበቀለም ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በሰፈራ መንደራችን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የወባ ማስታወቂያ ነው። «ትንኝ» የሚለውን ቃል የራሴን ስም ከመጻፌ በፊት መጻፍ ቻልኩ። ሞተር የተማርኩት የተጣለ ፓምፕ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው። አኝዋክኛና ኑዌርኛ ያስተማረኝ የለም፤ ዓሣ ስገዛና ስከራከር ገቡልኝ። ማንጎ ማዳቀልም ራሴው ደረስኩበት፤ ዛሬ ከግቢዬ የሚወጣውን ማንጎ የቀመሰ ሌላ ማንጎ አያምረውም።

ከሁሉ በላይ የምኮራበት ግን ማንንም ለምኜ አለማወቄ ነበር። ቤት ውስጥ ጨው ቢያልቅ እንኳ ባለቤቴ ሀዋ ከጎረቤት እንዳትጠይቅ እከለክላት ነበር። «አልጫ ይበላል» እላለሁ። እንበላለን። እሷ እያጉረመረመች፣ እኔ ቀና ብዬ።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሰው ነበርኩ፣ ልጃችን ሰዓዳ አዲስ አበባ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሽልማት ያገኘች ጊዜ። ሽልማቱ ለሁለት ሰው በአንድ የታወቀ የተራራ ከተማ፣ ውድ ሎጅ ውስጥ የጥቂት ቀን እረፍት ነው። ሰዓዳ ስልክ ደውላ «እኔ አልሄድም፤ አባዬና እማዬ ይሂዱልኝ» አለች።

«ምን ልንሠራ?» አልኳት።

«ምንም ላትሠሩ፣ አባዬ። ሰው እዚያ የሚሄደው ምንም ላለመሥራት ነው።»

ለዚያ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መኖሩ ገረመኝ። ሀዋ ግን ሻንጣዋን አውጥታ አቧራውን ታራግፍ ነበር፤ ስለዚህ ሄድን።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። የዚያ ሰዎች ባለውለታዎቼ ናቸው፤ ከምተርከው ውስጥ አንዱን ብቻ መዝዞ ስማቸውን በክፉ የሚያነሳ እንዳይኖር እሰጋለሁ። ጉም ከእግሯ በታች የሚተኛ፣ ፈረስ ከመኪና የሚበዛባት፣ ሎጆቿ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጡ ከተማ ናት። የእኛ ሎጅ ቤቶች ከውጭ ሲታዩ የገበሬ ጎጆ ናቸው፤ ድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። አልጋው ለስድስት ልጅ ይበቃል፤ ትራሱ ተደራርቦ እንደ ማዳበሪያ ቁልል ነው፤ አንደኛው ግድግዳ በሙሉ መስታወት ሆኖ ገደሉን ያሳያል።

ሀዋ መሀል ቆማ ጣሪያውን አየች። «እኛ ከሣር ቤት ለመውጣት ስንት ዘመን ለፋን!» አለች። «እነዚህ ደግሞ ሣር ቤት ለመግባት ይከፍላሉ።»

ያየነው ሁሉ እንዲህ የተገለበጠ ነበር። ጋምቤላ ላይ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ቬንትሌተር ይገዛል፤ እዚህ ገንዘብ ያለው ሰው እሳት እንዲነድለት ይከፍላል። አስተናጋጇ ጭማቂ አመጣችልን፤ የብርጭቆው አፍ ላይ እንደ ጥፍር የቀጠነች የማንጎ ቁራጭ ተሰክታለች። እኛ ሰፈር የማንጎ ወቅት ሲደርስ ፍየል እንኳ ይሰለቻታል። ሀዋ ቁራጯን በሁለት ጣቷ ይዛ «ይህችን ለሁለታችን ነው ያመጣችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነጭ ካባ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች በግቢው ውስጥ ወደ እንፋሎት ቤቱ ሲያልፉ አየችና ደግሞ «ሐጅ የሚሄዱ መሰሉኝ» አለች። ልብስ አውልቀው በላብ ሊጠመቁ ነው ብዬ ነገርኳት። «ላብ ፈልገው?» አለች። «ምነው እኛ ጋ አይመጡም? በነጻ!»

በዚያው ቀን ወደ ማታ ግድም ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ጉልበቴ ከቁጥጥሬ ወጣ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። ጋምቤላ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘው። ለዚያ የሚሆን ሌላ ስም የለንም። ክረምት ከበጋ ላብ በሚያጥበው አገር ሰው ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፣ አለቀ። ስለዚህ ስልኩን አንስቼ ለእንግዳ መቀበያው «ወባ ይዞኛል፤ የደም ምርመራ የሚያደርግ ሰው ላኩ» አልኩ።

ሲስተር ሰላም የምትባል የሎጁ ነርስ እየሮጠች መጣች። ገና ልጅ ናት፤ ፊቷ ደግ ነው። ሙቀቴን ለካች፣ ደረቴን አዳመጠች፣ ከዚያ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«አባባ፣ ትኩሳት የለዎትም። ይሄ ብርድ ነው።»

«ብርድማ አውቃለሁ። ወባ ሲይዝ ብርድ ይላል።»

«አይ አባባ፣ የአየሩ ብርድ ነው! ሸሚዝ ብቻ ለብሰው እኮ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ወባ የለም። የመመርመሪያውም ዕቃ የለንም፤ ፈልጎት የሚያውቅ የለም።»

ጋቢ ደረበችልኝ፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ እግሬ ሥር ከተተችልኝ። ወባዬ ወዲያው ለቀቀኝ።

ወሬ በዚያ ከተማ ከጉሙ ይፈጥናል። በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ስንገባ አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ አንድ ሰፊ ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንዴት አደሩ አባ ወባ! ትኩሳቱ ተሻለዎት?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። ሰውዬው አቶ ግርማ ይባላል፤ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። አጠገቡ ያለችው ባለቤቱ ወይዘሮ ሶስና በክርኗ ጎሸመችው።

«ተሽሎኛል» አልኩት። «ያንተም ሳቅ እንዲህ ቶሎ ይሻልህ።»

ይህን ሲሰማ ይበልጥ ሳቀ። ሀዋም ከእነሱ ጋር ሳቀች፤ ከዳተኛ።

ሀዋ መንቀጥቀጥ የጀመረችው በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ነው። እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ጋቢዋን ጎተተች። «እኔንም ያንተ ወባ ያዘኝ» ብላ ቀለደች። እኔም ሳቅኩ። እንጨት ጨመርኩ። ላስቲኩን ሙቅ ውሃ ሞላሁላት። የእኔ ብርድ ግን ሲሞቀኝ ለቆኝ ነበር፤ የእሷ አለቀቀም። እሳቱ ፊቷን እየጠበሰው ጥርሷ ይንገጫገጫል። እጇን ስነካው ፓምፕ ሞተር ነው፤ ያቃጥላል። ከዚያ አስመለሳት።

ሲስተር ሰላም መጣች። አሁን አልሳቀችም። «ትኩሳታቸው ከፍ ብሏል» አለች። «ብርድ መቷቸዋል፤ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከፍታውም አለ።» ኦክስጅን አመጣች፤ ማስታገሻ ሰጠች። «እስከ ነገ ጠዋት እንከታተላቸው።»

«ልጄ» አልኳት፣ «ወባ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች ፊቷ ላይ አነበብኩት። «ትናንትም እንዲሁ ያለ ሰውዬ ነው» የሚል።

ያኔ ሀዋ ዓይኗን ገልጣ ሲስተር ሰላምን አየቻትና «ማሌ» አለቻት። ይህ የኑዌሮች ሰላምታ ነው። ጎረቤታችንን የምታናግር መስሏታል። ቀጥላም በኑዌርኛ ዓሣው ትኩስ መሆኑን ጠየቀቻት።

በሰፈራው መጀመሪያ ላይ የበኩር ልጃችን ከድር እንዲሁ ነበር የሆነው። ይቃጠል ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከዚያ የሌለ ሰው ማናገር ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ አልሰጠንም። ወባ ወደ ጭንቅላት ሲወጣ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር አይጠብቅም።

«መድኃኒቱ የት ይገኛል?» አልኩ።

«ታች፣ ቆላው ከተማ ሆስፒታል አለ። የሎጁ መኪና ግን እንግዳ ሊያመጣ ወርዷል። በዚህ ጉም መቼ እንደሚመለስ...»

«መኪና ያለው ማነው?»

«አቶ ግርማ» አለች። «እንፋሎት ቤት ናቸው።»

ከክፍላችን እስከ እንፋሎት ቤቱ ያለው የድንጋይ መንገድ አጭር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመብኝ መንገድ የለም። ሰው ፊት ቆሜ «ስጠኝ» ብዬ አላውቅም። እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅም። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ነጭ ካባ የለበሱ ሰዎች በእንፋሎቱ መሀል ተቀምጠዋል፤ የማን ፊት የማን እንደሆነ አይለይም። ሳቁን ሰምቼ ለየሁት።

«አባ ወባ! ላብ ፍለጋ መጡ?»

እግሩ ሥር ወደቅኩ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ። መስጊድ በር ላይ፣ ቤተክርስቲያን ደጅ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ለማኞች ሲሉ የሰማሁት ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ከአፌ ወጣ። «በወለድካቸው ይዤሃለሁ! በፈጣሪህ ይዤሃለሁ! ባለቤቴ ልትሞትብኝ ነው። መኪናህን፣ ጉልበትህን፣ እባክህን!» በማያውቀኝ ሰው እግር ላይ አለቀስኩ። ምስክሮቼ ብዙ ናቸው።

አቶ ግርማ ለመሳቅ የተከፈተውን አፉን ዘጋ። «ይነሱ ጋሼ» አለ። «ይነሱ፣ ነውር ነው፣ ይነሱ! ሶስና! ቁልፉን አምጪ!»

ልብስ ልልበስ አላለም። በነጩ ካባና በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወጣ። ሀዋን ያቀፋት እሱ ነው፤ እኔ እግሯን ብቻ ነው የያዝኩት። ወይዘሮ ሶስና ኋላ ገብታ የሀዋን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ውድ ሻርፗን ውሃ እየነከረች ግንባሯን ታብስላት ጀመር። ሲስተር ሰላም የኦክስጅኑን ዕቃ ታቅፋ አጠገቧ ተጨመቀች።

ከተራራው የሚወርደው መንገድ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ ነው። ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አያሳይም። አቶ ግርማ መስኮቱን ከፍቶ ራሱን አውጥቶ ጠርዙን እያየ ይነዳል፤ የካባው እጅጌ በነፋስ ይርገበገባል።

«ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ወባ ካልሆነስ?»

«ካልሆነ እስክሞት አባ ወባ በለኝ።»

«ከሆነስ?»

«ከሆነ... እስክሞት ዱዓዬ ውስጥ ነህ።»

ከኋላ ሲስተር ሰላም «እማማ፣ ይናገሩኝ፣ ዝም አይበሉ» ትላለች። ሀዋ ዓሣ ትገዛለች፤ ዋጋ ትከራከራለች። ከዚያ መከራከሯን አቆመች። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። ወይዘሮ ሶስና «ትተነፍሳለች፣ አብሽር» አለችኝ። አብሽር የኛ የወሎዎች «አይዞህ» ነው። ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ የትም ታግኘው፣ በዚያች ሰዓት አገሬን መኪናው ውስጥ አስገባችልኝ።

ጉሙ እየሳሳ ሄደ። ጆሮዬ ጯ አለ። የሙዝ ተክል ታየ፤ የሞቀ አፈር ሽታ በመስኮቱ ገባ። የጋምቤላ ዓይነት ሙቀት ነው። ተስፋ የያዝኩት ያኔ ነው። ትንኝ ባለበት አገር ወባ የሚያውቅ ሐኪም አይጠፋም ብዬ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሐኪሙ አንዴ አይቷት «ከየት ነው የመጣችው?» አለ። ከተራራው ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

«ከጋምቤላ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቀም። ጣቷን ወጉ፤ ደሙን ይዘው ሮጡ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ሲሪንጁን እያዘጋጀ ነበር። «ወባ ነው» አለ። «ክፉው ዓይነት፤ ያውም ብዙ። እዚያው አድራ ቢሆን ኖሮ...» ቃሉን አልጨረሰም። እንኳን አልጨረሰው።

መርፌው ተወጋ፤ ግሉኮስ ተሰካ፤ እኛ ኮሪደር ላይ ወጣን። አቶ ግርማ በነጭ ካባው መሀል ኮሪደር ቆሟል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣችና ወረቀት ዘረጋችለት። «ዶክተር፣ ይቺን ውጤት ይዩልኝ።» ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ቆመ፤ ከሽማግሌው ኋላ ሌላ።

«እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ እናቴ» አለ። «የሲሚንቶ ነጋዴ ነኝ።»

ሴትዮዋ ካባውን አየች፣ ነጠላ ጫማውን አየች። «ታዲያ ለምን ለበስከው?» አለችው።

ወይዘሮ ሶስና ግድግዳው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። አቶ ግርማ በነጩ ካባው ደረቱ ላይ አስጠግቶኝ እስኪወጣልኝ ቆየ።

ሲስተር ሰላም ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ሸፍናለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ይቅርታ» አለችኝ። «ልጄ፣ ወባ በሌለበት ተራራ ወባን ያላየሽው ምን ያስገርማል?» አልኳት። «እኔ ዕድሜ ልኬን ወባ አገር ኖሬ ብርድን ወባ ነው ብዬሽ የለ? ተካክለናል። አንቺ ግን ያንን ሁሉ መንገድ የሀዋን እጅ አልለቀቅሽም።» ይህን የምጽፈው ለማስዋብ አይደለም፤ ስንደርስ ጣቶቿን ያላቀቅናት እኛ ነን።

ጠዋት ሀዋ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፤ ላብ ያጠመቀውን አንገቷን በእጇ ጠረገች። «አልሀምዱሊላህ፣ ሞቀኝ» አለች። ከዚያ ዙሪያዋን አይታ «እዚህ በምን መጣን?» አለች።

«በአቶ ግርማ መኪና።»

«ያ የሚስቅብህ ሰውዬ? ማን ጠየቀው?»

«እኔ።»

«አንተ? አንተ ለመንክ?»

«ተንበርክኬ።»

ጉልበት የላትም፤ ግን ሳቀች። ግሉኮሱ የተሰካበት እጇ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ይመር ተንበርክኮ!» አለች። «መታመሜ ደግ ሆነ።»

እንግዲህ አንባቢ፣ እኔን የለወጠኝ ይህ ነው። ወደ ተራራው ስወጣ ራሱን ያስተማረ ሰው ማንም አያስፈልገውም የሚል እምነት ነበረኝ። ስወርድ ሀዋን ያተረፋት የእኔ ዕውቀት ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ። ወባ መሆኑን አውቄ ነበር፤ እውነቴን ነው፤ ከነርሷም ከነጋዴውም በፊት እኔ ነበርኩ ያወቅሁት። ግን ዕውቀቴ መኪና የለውም። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ዕውቀት ነበር። እናንተም የሆነ ነገር በሚገባ የምታውቁ ሰዎች፣ ጎረቤት ማጣት በእውቀት አይሞላም። ስለ ውድ ሎጆች ሲወራ ብዙ ሰው ያማል፤ እኔ አላማም። ቢያንስ አንድ ሀብታም ከሙቅ ቦታው ተነስቶ በካባው ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

መለመንንም እንደ ሌላው ሁሉ ያለ አስተማሪ ተማርኩ። በአንድ ደቂቃ። ዛሬ በጋምቤላ ከእኔ የሚበልጥ ለማኝ የለም፤ ካላመናችሁ የሠራሁትን ልዘርዝር።

የሎጁን ሥራ አስኪያጅ ለምኜ ክሊኒካቸው የወባ መመርመሪያና መድኃኒት እንዲኖረው አድርጌአለሁ። ሲስተር ሰላምን ለምኜ፣ የሚታመም እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ «ከየት መጡ?» ተብሎ እንዲጠየቅ አድርጌአለሁ፤ አንድ ከእኛው ጋምቤላ፣ ከፑኝዶ የመጣ የእርዳታ ሠራተኛ በዚህ ጥያቄ ሳይዘገይ መታከሙን ደውላ ነግራኛለች። አቶ ግርማን ለምኜ ለሰፈራ መንደራችን ጤና ጣቢያ ሲሚንቶ አስመጥቻለሁ፤ መጠበቂያ ተሠርቶበት ሕሙማን ዛሬ በጥላ ሥር ተራ ይጠብቃሉ። እሱንና ወይዘሮ ሶስናን ለምኜ ጋምቤላ ቤቴ አምጥቻቸዋለሁ፤ አጎበር ውስጥ በእጄ አስገብቼ አስተኝቻቸዋለሁ። የኑዌሩን ጎረቤቴን ለምኜ ታንኳ መቅዘፍ እየተማርኩ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ አለኝ፤ ይጮህብኛል፤ እታዘዛለሁ። ከድር የተቀበረበትን ቦታ ለማየት ከሀዋ ጋር አብሬ ሄጃለሁ፤ ብቻዬን መሄድ እንደማልችል ነግሬ አብራኝ እንድትሄድ ለምኜያት። እዚያም ቆመን እጄን እንድትይዘኝ ለመንኳት። ያዘችኝ፤ እስክንመለስም አልለቀቀችኝም።